የአጎቴ ፊት ገበያ ሲወጣ

የዳሞታን ተራራ አልፈልግም ያለ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ተራራውን ነው። ደመና ከጫነው ልብስ አያሰጣም፤ ጥርት ካለ ጃንጥላውን ቤት ጥሎ ይወጣል። እኔም የራሴን ካሜራ የገዛሁ ሰሞን መጀመሪያ ያነሳሁት እሱኑ ነበር። ጉሙ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ፣ የጠዋት ፀሐይ ጎኑን እያሞቀችው፣ ከሥሩ የከተማው ቆርቆሮ እያብረቀረቀ። ፎቶውን በኢንተርኔት ፎቶ ለሚሸጥ አንድ የውጭ ድርጅት ላክሁት። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «የዚህ ዓይነት ተራራ በበቂ ሁኔታ አለን።»

እንግሊዝኛውን ተርጉሜ ስነግራት እናቴ የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች።

«ማነው እንደዚህ ያለው?»

«ድርጅቱ ነው፣ እማ።»

«የት ያገኙትን ዳሞታ ነው በበቂ ሁኔታ አለን የሚሉት?»

«መልሱን የሰጠው ሰው ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተር ነው የሚመርጠው ይባላል።»

«እንደሱ በይኝ!» አለች ጎመኗን መልሳ እያነሳች። «እናት የሌለው ነገር ምን ያውቃል?»

በዚያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያ ነበርኩ። መጠሪያው ይከብዳል እንጂ ሥራው ስብሰባ ፎቶ ማንሳት ነው። ይህም ሙያ ነው ወይ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረው። መድረክ ላይ የተደረደሩትን ኃላፊዎች ከነውሃ ጠርሙሳቸው ማንሳት፣ ተሰብሳቢውን ያንቀላፉት ሳይታዩ ማንሳት፣ አንዲት ችግኝ በአምስት ኃላፊ ስትተከል የአንዳቸውም እጅ ሳይቆረጥ ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የምክትል ኃላፊው ክርን ከፎቶው ውጪ ቀርቶብኝ በግምገማ ላይ ተነስቷል።

ፎቶ በኢንተርኔት ይሸጣል ብሎ ልቤን ያሸፈተው የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ባለሙያ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምክር መስጠት ይወዳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይመክራል።

«አንቺ እኮ ላም አስረሽ ወተት ትለምኛለሽ» አለኝ። «ፎቶሽን ለእነዚህ ድርጅቶች ትልኪያለሽ፣ እነሱ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። ዓለም ላይ ያለ ጋዜጣ፣ ባንክ፣ ማስታወቂያ ሠሪ ሁሉ እየፈለገ ይገዛል። አንዱን ፎቶ ሺህ ሰው ቢገዛውም ፎቶው ያው ያንቺ ነው።»

«ለእያንዳንዱ ምን ያህል ይከፍላሉ?»

«እሱ ትንሽ ነው። ግን ተኝተሽ ነው የሚከፈልሽ።»

ተኝተው የሚከፈላቸው ሰዎች እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለማውቅ ነገሩ ከእውነት የራቀ አልመሰለኝም።

ከዳሞታ በኋላ ብዙ ነገር ላክሁ። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ባህላዊውን ዱንጉዛ ለብሶ የሚጨፍር ሕዝብ ላክሁ፤ «የሚታዩት ሰዎች የፈቃድ ፊርማ የለም» ተባልኩ። አደባባይ ሙሉ ሰው ጭፈራውን አቁሞ ይፈርምልኝ? የገበያ ፎቶ ላክሁ፤ «የንግድ ምልክት ይታያል» ተባልኩ። ከተማችን ውስጥ ምን ያህል ምልክት እንዳለ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ጃንጥላው የስልክ ኩባንያ ነው። የፕላስቲክ ወንበሩ የቢራ ነው። ጀሪካኑ የዘይት ፋብሪካ ነው። የባጃጁ መስታወት ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለብ አርማ ተለጥፏል። ካናቴራውማ አይነሳ፤ ወይ የምርጫ ነው፣ ወይ የክትባት ዘመቻ፣ ወይ የጎዳና ሩጫ። አንድ ቀን ከመናኸሪያው በላይ ባዶ ነጭ ካናቴራ የለበሱ ሽማግሌ አየሁና ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው። ሲዞሩ ጀርባቸው ላይ «ወባን በጋራ እንከላከል» ይላል።

የሚሸጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ የድርጅቱን ገጽ ከፍቼ አየሁ። ሰላጣ እያየች የምትስቅ ሴት አለች፤ ብቻዋን፣ ሹካ ይዛ፣ ሰላጣው ቀልድ የነገራት ይመስል። ባለቤት የሌላቸው ሁለት እጆች ይጨባበጣሉ። የቢሮ ሠራተኞች አንድ ላፕቶፕ ከበው ጥርሳቸው እስኪረግፍ ይስቃሉ። ይህንንማ እኔም እችላለሁ አልኩና በማግስቱ ባልደረቦቼን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰብኳቸው። የክፍላችን ላፕቶፕ ተቆልፎበት ስለነበር አይቲው የተበላሸውን አመጣልኝ። «በሉ ሳቁ» አልኩ።

«ምን እያየን?» አለች ጸሐፊዋ።

«ሥራ።»

ይህን ስል በእርግጥ ሳቁ፤ ግን ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር የሳቁት፤ ወንዶቹ ደግሞ ወዲያው አለቃ የገባ መስሏቸው ኮስተር አሉ። የሒሳብ ክፍሉን ሰውዬ ብለምነው ብለምነው ጥርሱን አላሳይም አለኝ።

«ኦዲት ላይ ነን» አለ። «ስቄ ብታይ ምን ይባላል?»

አጎቴ ትዝ ያሉኝ እንዲህ ስለፋ ከከረምኩ በኋላ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዱቦ አካባቢ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ቤተሰቡ በሙሉ አንቱ ይላቸዋል። እናቴ እንኳ ክፍል ውስጥ ስላስተማሯት እስከ ዛሬ አንቱ እንዳለቻቸው ነው። አንተ የምትላቸው ባለቤታቸው፣ አክስቴ፣ ብቻ ናት።

አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ጨርሼ ጓሯቸው ስደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አጎቴ ጎደሬ ይነቅላሉ። የለበሱት ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ ደረቱ ላይ የነበረው ምልክት ታጥቦ ታጥቦ ጠፍቷል። በሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ላይ የዝናቡ ጠብታ እንደ ዶቃ ተቀምጧል። ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኝም አልኩ።

«ጋሼ፣ እንዲሁ እንዳሉ ይቁሙልኝ።»

«እንዲህ ሆኜ?» ጭቃቸውን ቁልቁል አዩት። «ዳይሬክተር ነበርኩ እኮ!»

ወደ ቤት ገብተው ሲመለሱ ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከረቫት አስረዋል፣ ደረት ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ ሰክተዋል። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸውና «ሰርግ አለ እንዴ?» አለች። ጎደሬው መሀል አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ፤ ደጋግሜ አነሳኋቸው። የባንዲራ ሰልፍ የሚቆጣጠሩ ነበር የሚመስሉት።

«እንግዲህ ፎቶው ካለቀ ወደ ጎደሬው ተመለስ» አለች አክስቴ። «ራታችን ገና መሬት ውስጥ ነው።»

ሹራባቸውን መልሰው ለብሰው ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና አሻግረው ተመለከቱ። ዓይናቸው ጠበብ፣ ግንባራቸው ኮስተር አለ፤ በጣም ሩቅ የሆነ ነገር የሚያስቡ ይመስላሉ። እኔ ያን ጊዜ አነሳኋቸው። እሳቸው የሚያዩት የጎረቤታቸውን ላም ነበር፤ ወደ እንሰታቸው እየተጠጋች ነበር።

ቤት ገብተን ስንቀመጥ የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ሞዴል ይላል።»

«አዎ ጋሼ፤ ሞዴሉ እርስዎ ነዎት።»

ፊታቸው በራ። «ቀበሌው ሞዴል አርሶ አደር አድርጉኝ ብዬ ብጠይቅ ጡረታ አለህ ብሎ መለሰኝ። እነዚህ ደግሞ ከየት አወቁኝ?»

«ይሄኛው ሞዴል ሌላ ነው። ፎቶው ላይ ያለ ሰው ማለት ነው።»

«ምንም ሳይሠራ? ፎቶ ስለተነሳ ብቻ?»

«አዎ።»

«የኛም ቀበሌ ሞዴሎች እንደሱው ናቸው» አሉና ፈረሙ።

አክስቴ ግን ነገሩ አልጣማትም። እሷ አማርኛ ስትናገር ሴትና ወንድ ብዙ አትለይም፤ ኮስተር ስትልብኝ ደግሞ አማርኛ ነው የምትመርጠው። «አንተ ልጅ፣ ፊቱን ልትሸጥ ነው?» አለችኝ።

«ፊታቸውን አይደለም፤ ፎቶውን ነው።»

«ከተሸጠ በኋላ ፊቱ እዚህ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

«ይሁን» አለች። «እኔ የምፈልገው እጁን ነው።»

ሁለቱንም ፎቶዎች ላክሁ። ሙሉ ልብስ የለበሱበት ወዲያው ተመለሰ፦ «ሁኔታው ተፈጥሯዊ አይመስልም።» አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን በኮት ነው የኖሩት፤ ተፈጥሯቸው ይኸው ነበር። የተቀደደው ሹራብ ግን ሳይውል ሳያድር አለፈ። ከሥሩ መግለጫ ጻፊ ሲሉኝ ያለውን እውነት በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ከዝናብ በኋላ፣ በጓሮው ጎደሬ ሲነቅል፣ ደቡብ ኢትዮጵያ።

ፎቶው መሸጥ ጀመረ። ከአንድ ሽያጭ የማገኘው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይገዛል፤ ስኳሩን ግን ከቤት ማምጣት ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ዶላሩ ሶዶ ድረስ የሚመጣበት መንገድ ስላላገኘሁ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ በእሱ በኩል እንዲቀበልልኝ ተስማማን። አባቱ ዱቦ ላይ ጎደሬ ይነቅላሉ፣ ክፍያው እሱ ሱቅ ይገባል፣ እኔ ሶዶ ሆኜ ወደ አገር የሚመለስ ሰው እጠብቃለሁ። አይቲው እንዳለው ተኝቼ ነበር የሚከፈለኝ፤ ክፍያውም አብሮኝ ይተኛ ነበር።

ፎቶውን ማን እንደገዛው ድርጅቱ አይናገርም። አይቲው ግን ፎቶ አስገብቶ ኢንተርኔት ላይ የት የት እንዳለ የሚፈለግበትን ዘዴ አሳየኝ። አጎቴን አስገብተን ፈለግናቸው። መጀመሪያ የወጣው በእርጅና ጊዜ ስለሚመጣ ብቸኝነት የተጻፈ ጽሑፍ ነው። የአጎቴ ቤት ግን እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ባለቤቱ የሚቀመጥበት እስኪያጣ ድረስ። ቀጥሎ የወገብ ሕመም ቅባት ማስታወቂያ ላይ አገኘናቸው። ቀጥሎ አንድ የሩቅ አገር የመድን ኩባንያ «ነገን አሻግረው ይመልከቱ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ለጥፏቸዋል። በመጨረሻ ስለ ድርቅ የተጻፈ ረጅም ሐተታ ላይ ወጡ፤ የዝናቡ ጠብታ ቅጠሉ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ።

«ሰዎቹ ሁሉ አንድ ነገር ያየ ሰው አግኝተዋል» አለ አይቲው ፊታቸውን እያየ። «ለመሆኑ ምን እያዩ ነበር?»

«ላም» አልኩት።

ለአጎቴ የነገርኳቸው የመድኑን ብቻ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለሽማግሌዎቹ በሙሉ አወሩ፤ ፎቶዬ ባሕር ማዶ ኩባንያ ገዝቶታል ብለው። የቱ ፎቶ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ኮቱን እንደለበሱ ነበር የሚያስቡት።

ነገሩ የፈነዳው ሶዶ ላይ ነው። አንድ ድርጅት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ድርቅን ስለመቋቋም ዐውደ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር፤ እኔም መሥሪያ ቤቴ ፎቶ እንዳነሳ ላከኝ። ካሜራዬን አንጠልጥዬ ስገባ መድረኩ ላይ የተሰቀለውን ባነር አየሁ። ግማሹን የያዙት አጎቴ ናቸው። ቀለማቸው ጠፍቶ ግራጫ ሆነዋል፤ ከራሳቸው በላይ በትልቁ «ትናንት» ይላል። በሌላኛው ግማሽ ላይ «ዛሬ» የሚል አለ፤ እዚያ ግን ያሉት እሳቸው አይደሉም። ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ፣ በቆሎ መሀል ታብሌት ይዞ የሚስቅ ወጣት ነው። ይህንን ልጅ አውቀዋለሁ። ሰላጣ የምታስቃት ሴት ያለችበት ገጽ ላይ ነበር፤ የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ድርጅቱ አጎቴን ከድርቅ አውጥቶ፣ አርባ ዓመት ቀንሶላቸው፣ ሌላ ሰው አድርጓቸዋል።

አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ብዙው የአጎቴ ተማሪ የነበረ ነው። የወረዳ ኃላፊ የሆነ አለ፣ መምህር የሆነ አለ፣ ወንጌላዊ የሆነ አለ። የመክፈቻው ንግግር ሳያልቅ ማንሾካሾኩ ተጀመረ። ሻይ ሰዓት ላይ ቢጫ ወረቀት ላይ ስም እየጻፉ መዋጮ ሲሰበስቡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ እኮ ናቸው!» አለች አንዲት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ልጆቻቸው ጥለዋቸው ይሆናል።»

«ደህና ናቸው» አልኩ። «አጎቴ ናቸው። ፎቶውን ያነሳሁት ራሴ ነኝ።»

ሴትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቺ ዘመዳቸው ሆነሽ፣ እንዲህ ሆነው እያየሽ ፎቶ ታነሻለሽ?»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ማንም አልሰማኝም። አንዱ የወረዳ ኃላፊ የአጎቴን ስልክ ከሰው አፈላልጎ ደወለላቸው፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ተማሪዎ ነበርኩ። ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ፎቶዎን አየነው።»

«እ! ሶዶም ደረሰ?» የአጎቴ ድምፅ በደስታ ጨመረ። «ኮት የለበስኩት ነው አይደል?»

ሰውዬው ዞሮ ባነሩን አየ። ሊዋሽ ፈለገና አቃተው። «አይ ጋሼ» አለ። «ኮት የለዎትም።»

«መጣሁ» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ከምሳ በኋላ ደረሱ። ቡናማውን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። የዝግጅቱ አስተባባሪ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው፤ ክቡር እንግዳ መስለውት እጅ ነስቶ ፊት ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ወሰዳቸው። እሳቸው አልተቀመጡም። ባነሩ ሥር ቆመው ራሳቸውን ተመለከቱ። አስተባባሪው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ ባነሩን፣ ከዚያ እንደገና እሳቸውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ መጣለት መሰለኝ፣ ማይክራፎኑን አፈፍ አደረገ።

«ክቡራትና ክቡራን! ለውጡ በተግባር ይኸው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ማይክራፎኑን ለአጎቴ ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ ማይክራፎን ሲሰጣቸው የማይናገሩ ሰው አይደሉም።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ። «ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ጭብጨባ።

«ይህ የለበስኩትም ኮት የራሴ ነው።»

ጭብጨባው ደመቀ፤ አስተባባሪው በእጁ ወደ ኮቱ አመለከተ።

«የዚያን ቀንም ነበረኝ» አሉ አጎቴ። «ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ጎደሬ በኮት ስለማይነቀል ነው አውልቄ የወጣሁት።»

ጭብጨባው ሳሳ።

«የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ይታያችኋል። ይህንን ድርጅት ገና ዛሬ ነው የማየው፤ ጌታ ይባርከው። ይሄ ልጅ ደግሞ…» ወደ ቢጫ ሸሚዙ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። የኔ ተማሪ አልነበረም። እዚያ ላይ አሻግሬ የማየው ተስፋ አይደለም፤ የጎረቤቴ ላም ናት። እንሰቴ ውስጥ ልትገባብኝ ነበር። ገባችም።»

መጀመሪያ የሳቀችው መዋጮ ስትሰበስብ የነበረችው ሴት ናት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ወንጌላዊው ተንከተከተ፣ የወረዳው ኃላፊ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። አጎቴ ሳይስቁ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቁ፤ ክፍል ውስጥም እንዲህ ያደርጉ ነበር ይባላል። አስተባባሪው ማይክራፎኑን ሲቀበላቸው ላቡ ይንቆረቆር ነበር።

«እናመሰግናለን አባታችን» አለ። «እንግዲህ የማኅበረሰብ ተሳትፎ የምንለው ይኸው ነው። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።»

ወደሚቀጥለውም አጀንዳ ታለፈ።

ስብሰባው ሲያልቅ አጎቴ አስተባባሪውን አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፦ «ትናንት» የሚለው ቃል እንዲነሳላቸው። ልጁ በጣም በትሕትና ባነሩ በበጀቱ መሠረት እንደታተመ፣ የሚቀጥለው ዓመት ግን በእርግጥ ታሳቢ እንደሚደረግ ነገራቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ባነሩ ተጠቅልሎ ለሌላ ስብሰባ ወደ ተበላ ከተማ ሄደ። የአክስቴ ዘመዶች ያሉት እዚያ ነው። ማንም ሳያስረዳቸው አንድ ኩንታል በቆሎ ጭነው፣ እያለቀሱ ዱቦ ድረስ መጡ። አጎቴ መልሱት ቢሉ አክስቴ አሻፈረኝ አለች።

«የመጣ በቆሎ መመለስ ነውር ነው» አለች። «ልቅሶውን ይመልሱ፤ በቆሎው ይቀመጥ።»

ተማሪዎቹም የሰበሰቡትን ለየባለቤቱ መመለስ አሳፍሯቸው ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ገዝተው አመጡላቸው። ፎቶ ሻጭ ከሆንኩ ጀምሮ በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ገቢ ይኼው በቆሎና ሙሉ ልብስ ነው።

የዐውደ ጥናቱ ዕለት ከሆቴሉ እስከ መናኸሪያው አብሬያቸው ሄድኩ። ባጃጅ ልያዝ ብል በእግራችን እንሂድ አሉኝ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ሌላ የት የት አለሁ?»

ነገርኳቸው። ድርቁን፣ ቅባቱን፣ ብቸኝነቱን። ብቸኝነቱ ላይ ስደርስ ቆሙ።

«ብቸኛ ነው አሉኝ?»

«አዎ።»

«አንቺ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ብዬ።»

«ታዲያ አላነበቡትም?»

«የሚገዙት ፎቶውን ነው፣ ጋሼ። ጽሑፉን አያነቡትም።»

መንገዳችንን ቀጠልን። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ጋሼ!» ብሎ ጥሩምባ ነፋላቸው፤ እጃቸውን አነሱለት። «ይህንንም ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ለራሳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ በመስኮት ብቅ ብለው «ፎቶውን ከዚያ አውጪው» አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ፎቶውን ከገጹ ላይ አነሳሁት። የተሸጠው ግን ተሽጧል፤ የገዛው ሁሉ እንደፈለገ ሊጠቀምበት መብት አለው። የጠፋ በሬ እንኳ በጎረቤት ይፈለጋል፣ ይገኛል። አጎቴ ግን አሁንም አንድ ቦታ ወገባቸውን ይዘው ላም እያዩ ይሆናል፤ ከሥራቸው ምን እንደተጻፈ አላውቅም።

ሌሎቹ ፎቶዎቼ ትንሽ ጊዜ ሲሸጡ ቆዩና ቀስ በቀስ ቆሙ። ፎቶ ሻጩ ድርጅት ኮምፒውተር ራሱ ፎቶ መፍጠር መጀመሩን የሚያበሥር መልእክት ላከልኝ። ጉዳዩን ለማየት ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ጎደሬ ሲነቅል ብዬ አዘዝኩት። ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሠራልኝ፤ የሚያሳዝን ፊት፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ሩቅ የሚያይ ዓይን። ጎደሬው እንደ ማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ዱቦ ስሄድ በስልኬ አሳየኋቸው። አጎቴ አዩትና ስልኩን መለሱልኝ። አክስቴ ግን ቀልቧን ሳበው፤ ጠጋ ብላ ቆጠረች።

«ስድስት ጣት አለው!» አለች። «ፎቶም አይፈልግ፣ ኮትም አይፈልግ። ይሄ ነው ሰው።»

አሁን ቅዳሜና እሑድ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ። ነጭ ጨርቅ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ መስታወት፣ ሌላ ምንም የለም። እዚህ ሰው እንዲስቅ አይፈቀድም፤ የሒሳብ ክፍላችን ሰውዬ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ነበር፣ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ሄደ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ይመጣሉ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚመዘገቡ ይመጣሉ። ፎቶው የት እንደሚሄድ ባለቤቱ ራሱ ይነግረኛል፤ እኔ ሳልጠይቅ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ደጋግማ አስተካከለች።

«ለፓስፖርት ነው?» አልኳት።

«አይደለም፤ እጮኛዬ ላኪልኝ ብሎኝ ነው። እዚያ ማዶ ነው ያለው። ትንሽ ቀላ አድርጊኝ።»

«አላደርግም። ያላወቀሽ እንደሆነስ?»

«በይ እሺ» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ። «እንግዲያው የሚያስቅ ነገር ንገሪኝ።»

ስለ ላሟ ነገርኳት።